የሁለት እናቶች ልጆች፤ ስለ ጸሎት መልስ ከታሪካችን የተገኘ ትምህርት

ጸሎት የክርስቲያን ሰው የዕለት ሥራው ነው። ሲነጋ ይጸልያል፥ ሲመሽ ይጸልያል፤ ሲጨነቅ ይሳላል፥ ጭንቁ ሲወገድለትም ስለቱን ያገባል። ሰዎች ስለ ጸሎት መልስ ሲነጋገሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቃል ሁለት ዐይነት ብቻ ነው። አንዱ «ለመንሁ፥ አገኘሁም» ይላል፤ ሌላውም «ለመንሁ፥ ነገር ግን የሚሰማኝ አጣሁ» ይላል። የፊተኛው ተደስቶ ይቀመጣል፥ የኋለኛውም አዝኖ ይቀመጣል። ሁለቱም ጸሎትን የሚያስቡት ለዳኛ እንደሚቀርብ አቤቱታ ነው፤ ባለጕዳዩ አመልክቶ ደጅ ይጠናል፥ ውሳኔው ከውስጥ ተጽፎ ይወጣለታል፥ ከዚያ ወዲያ ከባለጕዳዩ የሚፈለግ ነገር የለም።

የእግዚአብሔር መልስ ግን ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ አይመጣም። መልሱ ከመድረሱ በፊት በለማኙ በራሱ እጅ በኩል ያልፋል፤ ለማኙ እጁን ጨብጦ የያዘ እንደ ሆነ ከደጅ ይቆማል፥ እጁን የፈታ እንደ ሆነ ግን ይገባል። ይህን በመጽሐፍ ትርጓሜ አምልቶና አስፍቶ ማስረዳት የመምህራን ፋንታ ነው። እኛ ግን ከአገራችን ታሪክ አንድ ነገር መርጠን ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን፤ እርሱም የእቴጌ ሰብለ ወንጌል ልጅ ሚናስ ተማርኮ ባሕር ከተሻገረ በኋላ ወደ እናቱ የተመለሰበት ታሪክ ነው። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተቈጠሩ ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ከንጉሡ ከባሏ መጀመር ይገባል። ዐፄ ልብነ ድንግል በ1500 ዓ.ም. ገና ልጅ ሳለ ነገሠ። በልጅነቱም ዘመን መንግሥቱን የምትጠብቅ ብልኋ እቴጌ እሌኒ ነበረች፤ እርስዋም ክፉ ቀን ቢመጣ ረዳት ይሆነናል ብላ ማቴዎስ የሚባል መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላከች። በ1509 ዓ.ም. ንጉሡ የአዳልን ጦር ድል አደረገ፤ የጦሩም አለቃ ኢማም ማሕፉዝ በዚያ ሞተ። ይህ ማሕፉዝ ድል ወምበራ የምትባል ልጅ ነበረችው። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ስም በልብህ ያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ከዚህ ድል በኋላ ለንጉሡ የደስታና የዕረፍት ዘመን ሆነለት። በ1512 ዓ.ም. የፖርቱጋል መልእክተኞች መጥተው ስድስት ዓመት በአገሩ ተቀመጡ፤ ከእነርሱም ጋር የመጣው ካህኑ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን የንጉሡን ሰፈር፥ የድንኳኑን ብዛት፥ የቤተ ክርስቲያኖቹንም ክብር በመጽሐፍ ጽፎ ለአውሮፓ ሰዎች አስታወቀ። በዚያን ጊዜ ያንን ሰፈር ያየ ሰው ሁሉ ይህ መንግሥት በዐሥር ዓመት ውስጥ ከተራራ ወደ ተራራ ሲሰደድ ይታያል ብሎ ከቶ ሊያስብ አይችልም ነበር።

ስለዚህ ስለ ጥጋቡ ዘመን ሽማግሎች የሚናገሩት አንድ አፈ ታሪክ አለ። ንጉሡ የሚዋጋው ጠላት ቢያጣ ሥራ መፍታቱን ጠልቶ፥ ዕጣን አስጢሶ «ጦር አውርድ» እያለ ለመነ፥ ምድርንም በጅራፍ አስገረፈ ይላሉ። ታሪክ መርማሪ የጦርነቱን ምክንያት ሲፈልግ ሌላ ነገር ያገኛል፤ በደጋው መንግሥትና በአዳል መካከል ከብዙ ትውልድ ጀምሮ የቈየ የድንበር ጠብ ነበረ፥ በዘይላ በር የሚያልፈው የንግድ ጥቅም ነበረ፥ ቱርኮችም በ1509 ዓ.ም. ግብጽን ከያዙ ወዲህ ነፍጥና መድፍ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ይገባ ጀመረ። ሕዝቡ ግን ይህን አፈ ታሪክ አምስት መቶ ዓመት ያህል ጠብቆ ያቈየው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው በጥጋቡ ጊዜ የለመነውን ነገር በችግሩ ጊዜ ሲያገኘው እንደሚደነግጥ ያውቃልና። ይህም ስለ ጸሎት የምናገኘው የመጀመሪያው ትምህርት ነው፤ ያልተፈቀደልን ልመና ሁሉ ቅጣት አይደለም፥ የተፈቀደልን ልመናም ሁሉ በረከት አይደለም።

ጦሩም ወረደ። የማሕፉዝ ልጅ ድል ወምበራን ያገባው ኢማም አሕመድ፥ የአገራችን ሰው ግራኝ የሚለው፥ በመጋቢት 1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኵሬ የንጉሡን ብዙ ሠራዊት ድል ነሣ። ከዚያ በኋላ ያለውን መከራ በዝርዝር መጻፍ ልብ ያደክማል። ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ፤ በወርቅ የተጌጠውና ኢማሙን የተከተለው ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ ሳይቀር ያደነቀው መካነ ሥላሴም ተቃጠለ፤ አክሱም ጽዮንም ፈረሰች። ሕዝቡ በሰይፍ፥ በረኃብና በስደት አለቀ፤ ብዙ ሰውም ነፍሱን ለማዳን ሃይማኖቱን ለወጠ። ንጉሡም ዛሬ በአማራ፥ ነገ በበጌምድር፥ ከነገ ወዲያ በትግሬ እያለ ማደሪያ እንዳጣ ሰው ተንከራተተ።

በዚህ ስደት ውስጥ ሳለ፥ በ1527 ዓ.ም. ገደማ፥ ዐፄ ልብነ ድንግል እርዳታ እንዲለምንለት ዮሐንስ ቤርሙዴዝ የሚባለውን ፖርቱጋላዊ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላከ። ከዚያም ይጠባበቅ ጀመረ። አንድ ዓመት አለፈ፥ ሁለተኛው ዓመት አለፈ፥ ሦስተኛውም አለፈ፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር አልነበረም። መስከረም 5 ቀን 1533 ዓ.ም. በአቡነ አረጋዊ ገዳም በደብረ ዳሞ ዐረፈ፤ የጠበቀውንም እርዳታ በዐይኑ አላየም። በዚያው በ1533 ዓ.ም. ግን የፖርቱጋል መርከቦች ወደ ምጽዋ ደረሱ፤ ዓመቱም ሳይፈጸም የታወቀው የባሕር መኰንን የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶፎሮ ዳ ጋማ አራት መቶ ነፍጠኞች ይዞ ወደ ደጋው ወጣ። ለማኙ በዓመቱ መግቢያ ሞተ፥ የለመነውም በዓመቱ መውጫ ደረሰ። ጸሎት በለማኙ ዕድሜ አይለካም፤ አባት የዘራውን ልጅ እንደሚያጭድ፥ የአባትን ልመናም ልጅ ሊቀበለው ይችላል። ዛሬ በሰላም የምንኖርበት ብዙ ነገር ምናልባት በስም የማናውቀው ሰው ጸልዮበት ሳያየው የሞተው ይሆናል።

አሁን ወደ እቴጌ ሰብለ ወንጌል እንመለስ። በዚህ ዘመን በዚህች ሴት ላይ የደረሰውን ኀዘን ማን ይቈጥረዋል? በ1529 ዓ.ም. የበኵር ልጇ ፊቅጦር በጦርነት ተገደለ። በ1531 ዓ.ም. ሌላው ልጇ ሚናስ ተማረከ። በ1533 ዓ.ም. ባሏ ሞተ። በባሏ ዙፋን የተተካው ልጇ ገላውዴዎስ ገና ወጣት ነበረ፤ እርሱም ከእናቱ ርቆ በሸዋ በኩል ጥቂት ሰው ይዞ ይዋጋ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ግን የሚናስ ነገር ነበረ። የሞተ ልጅ ይቀበራል፥ ተዝካሩ ይወጣለታል፥ እናቱም ከብዙ ልቅሶ በኋላ እግዚአብሔር ያጽናናታል። የተማረከ ልጅ ግን አይቀበርም፥ ተዝካርም አይወጣለትም፤ እናቱ ሌሊት በተኛች ጊዜ ሁሉ በሕይወት መኖሩን ትጠይቃለች። በዚያ ዘመን የምርኮኛ ዕድል ብዙ ጊዜ መሰለብና ለባርነት መሸጥ ነበረና የሚያሰጋት ነገር ቀላል አልነበረም። ስለ ልጅዋ የጸለየችው ቃል በታሪክ መጽሐፍ አልተጻፈም፤ ምን እንደ ሆነ ግን እናት የሆነች ሁሉ ታውቀዋለች።

ኢማም አሕመድ ሚናስን አልገደለውም፥ አላጐደለውምም፤ የንጉሥ ልጅ ስለ ሆነ በቤቱ በመልካም ጠበቀው። ይህን የምንጽፈው ፍርድ እንዳናጐድል ነው። ጠላታችን ያደረገልንን ደግ ነገር ደብቀን ክፉውን ብቻ የምንጽፍ እንደ ሆነ፥ የምንጽፈው ታሪክ ሳይሆን ቂም ነው።

ፖርቱጋሎቹ በመጡ ጊዜ ሰብለ ወንጌል በደብረ ዳሞ ነበረች። በገመድ ከሚወጣበት ከዚያ ከማይደፈር አምባ ወርዳ ከሠራዊቱ ጋር ተጓዘች። ከዘማቾቹ አንዱ የነበረውና የሆነውን ሁሉ የጻፈው ሚጌል ዴ ካስታንዮዞ፥ ንግሥቲቱ ከሴቶችዋ ጋር ሆና ቍስለኞችን ስታስታምም እንደ ነበረ ይመሰክራል። በ1534 ዓ.ም. በመጀመሪያ በተደረገው ጦርነት ኢማሙ ቈስሎ ሸሸ፤ ሰውም ሁሉ የጸሎታችን መልስ ደረሰ ብሎ ደስ አለው።

ነገር ግን ደስታው አልዘለቀም። ኢማም አሕመድ በየመን በዘቢድ ወደሚቀመጠው የቱርክ ፓሻ እርዳታ ለመነ፤ እርዳታም የሚለመን በባዶ እጅ አይደለምና ብዙ ገጸ በረከት ላከለት። ከገጸ በረከቱም መካከል አንዱ የንግሥቲቱ ልጅ ሚናስ ነበረ። እስከዚያ ቀን ድረስ ምርኮኛው ቢያንስ በአገሩ መሬት ላይ ነበረ፤ ከእናቱ የሚለየው የጥቂት ቀን መንገድ ነበረ። አሁን ግን ባሕር ተሻገረ። ከፓሻውም ነፍጠኞችና መድፈኞች መጡለት፤ በ1534 ዓ.ም. መጨረሻ በወፍላ ጦርነት ፖርቱጋሎቹ ተሸነፉ፥ ብዙዎቹ አለቁ፥ ክሪስቶፎሮ ዳ ጋማም ተማርኮ አንገቱን ተቈረጠ። ንግሥቲቱ ከተረፉት ጋር ሸሽታ ዳነች።

እስቲ በዚያ ሌሊት በንግሥቲቱ ስፍራ ሆነን እናስብ። ልጅዋን ስጠኝ ብላ ለምና ነበር፤ ልጅዋ ይባስ ብሎ ከባሕር ማዶ ሄደ። ሠራዊት ስጠን ተብሎ ተለምኖ ነበር፤ ሠራዊቱ ከስድስት ዓመት በኋላ መጥቶ በአንድ ዓመት ውስጥ ፈረሰ። በእኛ ዘመን ያለ ሰው ቢሆን፥ ከዚህ ሁሉ በኋላ መጸለይ ምን ይጠቅማል ይል ነበር። ከክርስቲያንም መካከል ይህን ያላለ ጥቂት ነው፤ በአፉ ባይለው በልቡ ብሎታል።

ነገሩ ግን አላለቀም ነበር። የወፍላ ቅሬታዎች ከንጉሥ ገላውዴዎስ ጋር ተገናኙ። ኢማሙ ድል አደረግሁ ብሎ ከዘቢድ የመጡለትን ነፍጠኞች አብዛኞቹን አሰናብቶ ነበር። የካቲት 27 ቀን 1535 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ አቅራቢያ በወይና ደጋ ጦርነት ሆነ፤ ኢማም አሕመድም በነፍጥ ተመትቶ ወደቀ። ከሽምብራ ኵሬ ጀምሮ ዐሥራ አራት ዓመት ያህል የነደደው እሳት በአንድ ቀን በረደ። ድል ወምበራ ጥቂት ፈረሰኞች ይዛ አመለጠች፤ በዘመቻ ሳለች የወለደችው ልጅዋ መሐመድ ግን ተማረከ። ዕድሜውም ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ነበረ።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ጥቂት ቁም። ሰብለ ወንጌል ልጅዋን ከማረከባት ሰው የዚያን ሰው ልጅ በእጅዋ አገኘች። በአገራችን የቈየ ልማድ ደም በደም ይመለሳል። ፊቅጦር ተገድሎባታል፤ ባልዋ በስደት ሞቶባታል፤ አገርዋና ቤተ ክርስቲያንዋ ተቃጥሎባታል። ፖርቱጋሎቹም የአለቃቸውን የዳ ጋማን ደም የሚፈልጉ ነበሩ። ልጁን ግደሉት ተብሎ ቢፈረድ በዚያ ዘመን የሚቃወም ሰው ይገኝ ነበር ለማለት ያስቸግራል፤ ምናልባትም ፍርዱን የእግዚአብሔር ፍርድ ብሎ የሚያመሰግን ይበዛ ነበር።

በሌላው ወገን ደግሞ ሌላ እናት ነበረች። ድል ወምበራ አባትዋ ማሕፉዝ በ1509 ዓ.ም. በክርስቲያን ንጉሥ ጦር ሞቶባታል፤ ባልዋ በወይና ደጋ ወድቆባታል፤ ልጅዋም በጠላትዋ እጅ ነው። እርስዋም ሌሊት በተኛች ጊዜ ልጅዋ በሕይወት መኖሩን ትጠይቅ ነበር። በሃይማኖት ሁለቱ እናቶች ተለያይተዋል፥ በደም ተቃርነዋል፤ ኀዘናቸው ግን አንድ ነበረ። አንዲቱ ያጣችው በሌላይቱ ወገን እጅ ይገኝ ነበር።

በመጨረሻም በሁለቱ እናቶች መካከል መልእክት ተመላለሰ፤ በንጉሥ ገላውዴዎስ ፈቃድ፥ በድል ወምበራም ድካም ስምምነት ሆነ። ሚናስ ከየመን ተመለሰ፥ መሐመድም ወደ እናቱ ተሰደደ። ሚናስ ከእናቱና ከወንድሙ ጋር በተገናኘ ጊዜ በንጉሡ ሰፈር ብዙ ቀን ደስታ ሆነ። የሰብለ ወንጌል ልመና ተሰማ፤ የተሰማው ግን የድል ወምበራን ልጅ በሰጠች ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደረስን። ሰብለ ወንጌል ልጅዋን የተቀበለችው ሌላውን ልጅ ለእናቱ በለቀቀችበት እጅ ነው። የጠላትዋን ልጅ አስገድላ ልቧን ያሳረፈች ቢሆን ኖሮ፥ ጸሎትዋን በገዛ እጅዋ በዘጋችው ነበር፤ በሚቀጥለውም ዓመት ምናልባት «እግዚአብሔር ለምን አልሰማኝም?» ትል ነበር። መልሱ ግን በገዛ ሰፈርዋ ውስጥ ታስሮ ተቀምጦ ነበር። ጌታችን ጸሎትን ባስተማረን ጊዜ፥ የበደሉንን ይቅር እንድንል በዚያው በልመናችን ውስጥ ያስገባው ስለዚህ ይመስለናል። ይቅርታ ከጸሎት በኋላ የሚደረግ ትሩፋት አይደለም፤ ጸሎቱ የሚያልፍበት በር ነው። በብሉይም ሐና ልጅ ለመነች፥ ልጅም ተሰጣት፤ ጡት ካስጣለችው በኋላ ግን ወደ ቤተ እግዚአብሔር ወስዳ መልሳ ሰጠችው፤ ሳሙኤልም ለእስራኤል ሁሉ ነቢይ ሆነ። ሐና ልጅዋን ለራስዋ ብቻ ጨብጣ ብትይዘው ኖሮ ልጅ አገኘች ይባል ነበር እንጂ፥ እስራኤል ነቢይ አገኘ አይባልም ነበር።

የንግሥቲቱ ልጅ የሄደበት መንገድም የሚያስገርም ነው። ልጅዋ ወደ የመን በተላከ ጊዜ ተስፋው ሁሉ የተቈረጠ መስሎ ነበር። ነገር ግን በወይና ደጋ የኢማሙ ሰፈር በፈረሰ ቀን ሚናስ በዚያ ሰፈር በእስር ቢገኝ ኖሮ፥ በዚያ ሁከት መካከል ምን እንደሚደርስበት ማን ያውቃል? እናቱ መጥፋት ብላ ያለቀሰችበት ርቀት ለእርሱ መጠበቂያ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ከባሕር ማዶ ሆኖ በሕይወት ስለ ተገኘም የሚለወጥበት ቀን ደረሰለት። እኛ የእግዚአብሔርን ሥራ መካከሉን ብቻ እናያለን፤ መካከሉን አይተንም መጨረሻው ይህ ነው ብለን እንፈርዳለን።

ከአንባቢዎቻችን መካከል የተማረው ሰው እንዲህ ሊለን ይችላል፤ «ይህ የምርኮኛ ልውውጥ ነው፤ በመንግሥታት መካከል ሁልጊዜ የሚደረግ የብልህ ምክር ነው፤ እግዚአብሔርን በዚህ ውስጥ ምን አስገባው?» ነገሩ ትክክል ነው፤ ልውውጡ ምክር ነበረበት፥ ጥቅምም ነበረበት፤ ንጉሡ ወንድሙን ፈልጎ ነበር። ታሪክ መርማሪም ከዚህ አልፎ ይናገር ዘንድ አይገደድም። ይሁን እንጂ ክርስቲያን እግዚአብሔር ይሠራል ሲል፥ ሰው አይሠራም ማለቱ አይደለም። እስራኤልን ከግብጽ ባወጣ ጊዜ ሙሴን ላከ፤ ጴጥሮስም ከወህኒ በወጣ ጊዜ በሩን ለመክፈት የሮጠችው ሮዴ የምትባል ገረድ ነበረች፤ እርስዋም ከደስታዋ የተነሣ በሩን ሳትከፍት ተመለሰች። በውስጥ ስለ ጴጥሮስ የሚጸልዩት ሰዎች መልሱ በደጅ ቆሞ ሲያንኳኳ አላመኑም ነበር። የእግዚአብሔር መልስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሰው በየቀኑ በሚያየው ነገር በኩል ነው፤ በመልእክተኛ፥ በሽማግሌ፥ በዕርቅ፥ በውል በኩል ይመጣል። ስለዚህም አናውቀውም።

ነገር ግን ታሪኩን በዚህ ደስታ ላይ ብናቆመው አንባቢን ማታለል ይሆናል። ዕርቁ ጠብን ሁሉ አላጠፋም። ድል ወምበራ ወደ ሐረር ተመልሳ የባልዋን የእኅት ልጅ ኑር ኢብን ሙጃሂድን አገባች፤ እርሱም የኢማሙን ደም ለመመለስ ተነሣ። መጋቢት 27 ቀን 1551 ዓ.ም. በሰሙነ ሕማማት ዐፄ ገላውዴዎስ ከኑር ጋር ሲዋጋ ተገደለ። ሰብለ ወንጌል ሌላ ልጅዋን ደግሞ አለቀሰች። ገላውዴዎስ ወንድ ልጅ ሳይተው ሞተ፤ በዙፋኑም የተቀመጠው ያ ከየመን የተመለሰው ምርኮኛ ሚናስ ነበረ። የእርሱም ዘመን አጭርና ሁከት የበዛበት ሆነ፤ በፖርቱጋሎች መምጣት ጊዜ እናቱን የረዳት ባሕር ነጋሽ ይስሐቅ እንኳ ዐመፀበት። ሚናስ በ1555 ዓ.ም. ሞተ፤ ልጁ ሠርጸ ድንግልም ነገሠ። አያቱ ሰብለ ወንጌል ለንግሥናው ከመከሩት አንዷ ነበረች፤ እርስዋም በ1560 ዓ.ም. ዐረፈች። ሠርጸ ድንግል ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ገዛ።

እንግዲህ አንድ ሰው፥ «ልጁን የለቀቀችላት ሴት ኋላ የልጅዋን ገዳይ ካስነሣችባት፥ ይቅርታዋ ምን ጠቀማት?» ብሎ ቢጠይቅ ምን እንመልሳለን? በእኛ አስተያየት መልሱ ይህ ነው፤ ይቅርታ ከእግዚአብሔር ጋር የሚደረግ ንግድ አይደለም፥ የጸሎት መልስም ከመከራ ሁሉ ነጻ የሚያወጣ ደብዳቤ አይደለም። ሰብለ ወንጌል የለመነችው ልጅዋን ነበር፤ ልጅዋን ተቀበለች፤ ከዚያ ወዲያ ኀዘን አይነካሽም የሚል ቃል አልተሰጣትም። ሐዋርያው ጳውሎስ ሕመሙ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ ሕመሙ አልተወገደለትም፤ የተሰጠው የሚታገሥበት ጸጋ ነበረ። እቴጌዪቱም ልጅዋን ሚናስን ሃያ ዓመት ያህል አየችው፥ በዙፋን ላይ ሲቀመጥ አየችው፥ የልጅ ልጅዋንም ሲነግሥ አየችው። ከዚህ ሁሉ አንዱም በበቀል የሚገኝ አልነበረም። በቀል ሊሰጣት ይችል የነበረው የአንድ ልጅ ሬሳ ብቻ ነበር።

ይህ ነገር ለነገሥታት ብቻ የተጻፈ እንዳይመስልህ። ከእኛ መካከል ብዙ ሰው በየዕለቱ ጸሎት ያደርሳል፤ በእጁ ግን የያዘው ነገር አለ። አንዱ ቤቴ ሰላም ይሁን ብሎ ይጸልያል፤ ከወንድሙ ጋር በአባታቸው ርስት ተካስሶ ቃል ሳይነጋገር ዓመታት አልፎታል። አንዱ ልጄን ማርልኝ ብሎ ይሳላል፤ የሠራተኛውን ልጅ ደመወዝ ግን ሦስት ወር አዘግይቶበታል። አንዱም እግዚአብሔር ዕዳዬን እንዲያቀልልኝ ጸልዩልኝ ይላል፤ ከእርሱ የተበደረውን ድኻ ግን በየዳኛው ደጅ ያንገላታል። ካህኑም ስለ ሕዝብ አንድነት በመቅደስ ይጸልያል፤ ከባልንጀራው ካህን ጋር ግን በአንድ ማኅበር አይቀመጥም። ከእነዚህም ብዙዎቹ እግዚአብሔር ዘገየብኝ ይላሉ።

እግዚአብሔር ግን አልዘገየ ይሆናል። ምናልባት መልሱ ቀድሞ መጥቶ በቤታችን ውስጥ እንደ መሐመድ ታስሮ ተቀምጧል፤ እንድንለቀውም ይጠብቃል። ስለዚህ ክርስቲያን ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ለጸሎት በቆሙ ጊዜ «ምን እለምናለሁ?» ከማለት ጋር «የማንን ይዣለሁ?» ብለው ራሳቸውን ይጠይቁ። ሰብለ ወንጌል ይህን ጥያቄ የመለሰችው ከብዙ ደም በኋላ፥ ከባድ ኀዘንን በልብዋ ይዛ ነው። እኛ ግን ብዙዎቻችን ልንለቀው የሚገባን ነገር ከእርስዋ ይልቅ እጅግ የቀለለ ነው፤ የምንለቅቀውም ሰው ብዙ ጊዜ ጠላት ሳይሆን ጎረቤት ወይም የእናት ልጅ ነው።

የለመነውን የሚሰጥ እግዚአብሔር እጃችንን የምንፈታበትን ልብ አስቀድሞ ይስጠን።